ከመጨረሻዋ ቤት ጀምሩ፦ በአንድ ዲሽ ለመንደር ቴሌቪዥን ስናካፍል የምንሠራቸው ስህተቶች

ከአስፋልት ወጥተው ሁለት ሰዓት ያህል በእግር የሚኬድባት አንዲት ትንሽ መንደር ነበረች። አርባ ሁለት ቤት፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ጤና ኬላ። መብራት ከገባ ዓመት አልሞላውም። የመንደሩ ሰው በዕድሩ በኩል ገንዘብ አዋጣና ጠራን። አንድ ትልቅ ዲሽ ተክለን ለየቤቱ በኬብል እንድናካፍል ነበር የፈለጉት። አራት ቀን ሠራን። በአራተኛው ቀን ማታ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ላሉት ቤቶች ምስሉ ጥርት ብሎ ገባ። ጭብጨባ ሆነ፣ ቡና ተፈላ።

ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ የኬብሉ ጫፍ ላይ፣ የአንዲት እናት ቤት አለች። መጨረሻ ላይ ወደዚያ ወረድኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል፤ ከኋላው የሰው መልክ የመሰለ ነገር ይታያል፣ ድምፁ ግን «ሽሽሽ» ብቻ ነው። እማማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ስክሪኑን ያያሉ። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እኔ እኮ ብሩን ከሰው እኩል ነው ያዋጣሁት» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ የምጀምረው ከመጨረሻዋ ቤት ነው። ከታች የምጽፋቸውን ስህተቶች ግማሾቹን ራሴ ሠርቼያቸዋለሁ፤ የቀሩትን የሌላ ሰው ሥራ ላስተካክል ሄጄ ነው ያየኋቸው።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ማዕከል በምንለው አንድ ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ሪሲቨር ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ ሪሲቨር የሚወጣው ምስልና ድምፅ ሞዱሌተር ወደሚባል ዕቃ ይገባል። ሞዱሌተሩ ወደ ተራ የቴሌቪዥን ቻናል ይቀይረዋል። ሁሉም ቻናሎች በአንድ ኬብል ላይ ተደምረው ወደ መንደሩ ይወጣሉ። ቤት ያለው ሰው ኬብሉን የአንቴና ቀዳዳው ላይ ሰክቶ ሰርች ያደርጋል፤ በቃ። ዲሽም ሪሲቨርም አያስፈልገውም። ለገጠር ከተማ፣ ለእርሻ ካምፕ፣ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች መኖሪያ ሰፈር ጥሩ ነገር ነው፤ በደንብ ከተሠራ።

ከዲሹ ጀምሮ ወደፊት መዘርጋት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ብዙዎቹ ሌሎች ከዚህ ይወለዳሉ። ዲሹን እንተክላለን፣ ዕቃውን እንደረድራለን፣ ከዚያ ኬብል እየጎተትን ቤት ለቤት እንሄዳለን። ሲግናሉ እስከቻለው ድረስ ይሄዳል። የደከመበት ቦታ ላይ ያለው ሰው ዕድሉ ነው እንላለን። ዕድሉ ግን አይደለም፣ የእኛ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን ከኋላ ወደፊት ሥሩት። ሲግናል በዲቢ ይለካል፤ ዲቢን እንደ ገንዘብ ደምሩት ቀንሱት። አንድ ቴሌቪዥን ጥሩ ምስል ለማሳየት ከ60 እስከ 80 ዲቢ ማይክሮቮልት ይፈልጋል። እኔ ለመጨረሻዋ ቤት 65 እይዛለሁ። አሁን ከእማማ ቤት ተነስተን ወደ ላይ እንውጣ። ከምሰሶው ወደ ቤቱ የሚገባው 30 ሜትር አርጂ-6 የሚባል ቀጭን ኬብል 3 ዲቢ ይበላል። ለቤቱ የሚያካፍለው ታፕ 10 ይወስዳል። መስመሩ ላይ ከእሱ በፊት ያሉት ታፖች አልፏቸው ለሚሄደው ሲግናል በድምሩ 8 ያህል ያስከፍላሉ። ዋናው መስመር 300 ሜትር ነው፤ በወፍራሙ አርጂ-11 ከሆነ 18 ገደማ ይበላል። ደምሩት፦ 65፣ 3፣ 10፣ 8፣ 18። 104 ይሆናል። ስለዚህ ከማዕከሉ ክፍል 104 ይዞ የሚወጣ መስመር ያስፈልጋል። ጥሩ የመስመር ማጉያ ይህን ይሰጣል።

ይህ ሒሳብ ግን አንድ ነገር ደብቋል። የተሠራው በ200 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ቪኤችኤፍ በሚባሉት ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ ላይ ባሉ ቻናሎች ነው። ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ኬብል ይበልጥ ይበላል። ያንኑ መስመር ከፍ ባለው የቻናል ክልል፣ በዩኤችኤፍ የላይኛው ጫፍ፣ በ800 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ እሱንም በቀጭኑ አርጂ-6 ብትዘረጉት በየ100 ሜትሩ 20 ዲቢ ያህል ይሄዳል። 300 ሜትሩ ብቻውን 60 ይበላል፤ ወደ ቤት የሚገባው 30 ሜትርም ከ3 ወደ 6 ይወጣል። ሒሳቡ 149 ላይ ይደርሳል። ይህን የሚሰጥ ማጉያ የለም። ያን ጊዜ የሠራነው በትክክል ይሄንን ነበር። ሞዱሌተሮቹን ከሳጥናቸው እንደወጡ፣ በዩኤችኤፍ እንደተሞሉ፣ ሰካናቸው። ኬብሉን ደግሞ ገበያ ላይ ያገኘነውን ገዛን።

እንግዲህ ረጅም መስመር ካላችሁ ቻናሎቻችሁን ከ174 እስከ 230 ሜጋኸርዝ ባለው የቪኤችኤፍ ክልል አስቀምጡ፣ ለዋናው መስመር ወፍራም ኬብል ግዙ። ቀጭኑን ወደ ቤት ለሚገባው ብቻ ተጠቀሙበት።

«ቡስተር ጨምሩበት»

ሲግናል ሲደክም የሁሉም ሰው መልስ ይሄ ነው። እኔም በማግሥቱ ያደረግኩት ይሄንኑ ነበር። እማማ ቤት በራፍ ላይ ቡስተር ሰቀልኩ። ነጠብጣቡ አልጠፋም፣ እንዲያውም ደመቀ። ቡስተር ምስሉንና ጫጫታውን ለይቶ አያውቅም፤ የደረሰውን ሁሉ ነው የሚያጎላው። በጫጫታ የተዋጠ ሲግናል በቡስተር አይመለስም።

ማጉያ የሚቀመጠው ሲግናሉ ገና ጤነኛ ሳለ፣ ከመድከሙ በፊት ነው። በዚህ ላይ ከመጠን በላይ አትክፈቱት። ብዙ ቻናል የተሸከመ ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ቻናሎቹ እርስ በርስ ይደባለቃሉ፤ ስክሪኑ ላይ ሰያፍ መስመሮች ይሮጣሉ። ያኔ ከላይ ያለው ሰው «ቅድም ጥሩ ነበር» ይላል፤ ልክ ነው።

ታፕን ትቶ ስፕሊተር በስፕሊተር ላይ መቀጠል

ስፕሊተር እኩል ነው የሚያካፍለው። ለሁለት ሲከፍል ወደ 4 ዲቢ፣ ለአራት ሲከፍል ወደ 8 ዲቢ ይቀንሳል። አንዱን ከአንዱ ኋላ እየቀጠላችሁ ስትሄዱ የመጀመሪያው ቤት በሲግናል ይሞላል፤ አምስተኛው ይራባል።

ታፕ ሌላ ነገር ነው። ለቤቱ ትንሽ ቆርሶ ይሰጥና አብዛኛውን ያሳልፋል። ምን ያህል እንደሚቆርስ ላዩ ላይ ተጽፏል። ለማዕከሉ ቅርብ የሆነው ታፕ 26 ዲቢ፣ ቀጥሎ 23፣ ከዚያ 20፣ 17፣ 14፣ መጨረሻ ላይ 10 ቢሆን፣ አንደኛውም ቤት የመጨረሻውም ቤት የሚያገኙት የሚቀራረብ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን የሚሰጠው ያነሰ መሆኑን አትርሱ። አንድ ሠራተኛ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ኃይለኛ ነው ብሎ 26ቱን መጨረሻ ላይ የሰቀለበት ቦታ አይቻለሁ።

የመስመሩ ጫፍ ባዶ አይቀመጥም። 75 ኦም መዝጊያ ይደረግበታል። ክፍት ከተተወ ሲግናሉ ጫፉን መትቶ ይመለሳል፤ ዜና አንባቢው ከጎኑ ጥላው ቆሞ ሁለት ሆኖ ይታያል።

አንድ ኤልኤንቢ ለሁሉም ሪሲቨር

ይሄ ማዕከሉ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ስህተት ነው። ከዲሹ የመጣውን አንድ ኬብል በስፕሊተር ከፍለው ለስምንት ሪሲቨር ይሰጣሉ። አንዳንዱ ጣቢያ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይጠፋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ኤልኤንቢ፣ ማለትም ዲሹ ፊት ላይ ሆኖ ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ፣ ከሪሲቨሩ ትእዛዝ ይቀበላል። 13 ቮልት ሲመጣለት ቨርቲካሉን (ቁም የሆነውን ሞገድ)፣ 18 ቮልት ሲመጣለት ሆሪዞንታሉን (አግድም የሆነውን) ያሳልፋል፤ ይህ የሞገዱ አቋቋም ፖላራይዜሽን ይባላል። በላዩ 22 ኪሎኸርዝ ምልክት ከተጨመረ ወደ ላይኛው ባንድ ይዞራል። በአንድ ገመድ ላይ በአንድ ጊዜ ከእነዚህ አራት አማራጮች አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለት ሪሲቨሮች የተለያየ ነገር ካዘዙት አንዱ ይከስራል።

የምትፈልጓቸው ጣቢያዎች በሙሉ በአንድ ፖላራይዜሽንና በአንድ ባንድ ላይ ከሆኑ ተራው ስፕሊተር ይበቃል፤ ወጪም ይቀንሳል። ካልሆነ አራት መውጫ ያለው ኳትሮ ኤልኤንቢና ለእያንዳንዱ ሪሲቨር ያዘዘውን የሚያደርስ መልቲስዊች ግዙ። መጀመሪያ የጣቢያዎቹን ፍሪኩዌንሲ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብታዩት ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ታውቁታላችሁ።

ቻናሎቹን አጠጋግቶ መደርደር

ርካሽ ሞዱሌተር ምስሉን ወደ ሁለቱም ጎን ይዘረጋዋል። ጎረቤቱ ባለው ቻናል ላይ ይደርብበታል። እንዲህ ያለውን ከገዛችሁ አንድ ቻናል እየዘለላችሁ አስቀምጡ፤ በቪኤችኤፍ ስምንት ቻናል ቢኖርም አራቱን ብቻ ትጠቀማላችሁ። ስምንቱንም ከፈለጋችሁ ጎን ለጎን መሥራት የሚችለውን፣ ጥሩ ማጣሪያ ያለውን ሞዱሌተር ጠይቁ። ዋጋው ይለያል፤ ለሻጩ «ጎን ለጎን ቻናል ይሠራል ወይ?» በሉት።

አሁን አሁን ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲጂታል የሚቀይሩ ሞዱሌተሮች መጥተዋል። በአንድ ቻናል ቦታ ላይ ብዙ ጣቢያ ይጭናሉ፤ ምስላቸውም ያምራል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በየቤቱ ገብታችሁ ምን ዓይነት ቴሌቪዥን እንዳለ ተመልከቱ። ባለ ሆዱ አሮጌው ቴሌቪዥን ዲጂታሉን አይቀበልም። ደግሞ ዲጂታል ሲደክም ነጠብጣብ አያሳይም፣ አስጠንቅቆም አይሄድም። ትናንት ጥርት ያለው ዛሬ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻዋ ቤት ሒሳብ በዲጂታልም ያው ነው።

ኬብልና ኮኔክተር ላይ መቆጠብ

ኬብል ልትገዙ ስትሄዱ ማግኔት ያዙ። የመሀሉን ሽቦ ላጥ አድርጋችሁ ማግኔቱን አስጠጉት። ከሳበው ውስጡ ብረት ነው፣ መዳቡ ላዩ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ኬብል የቴሌቪዥን ሲግናል ለማሳለፍ ብዙም አይከፋም፣ ምክንያቱም ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሄደው በሽቦው ቆዳ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያሳልፍ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ወደ ኤልኤንቢ ወይም መሀል መንገድ ላይ ወዳለ ማጉያ፣ ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል። እዚያ ሙሉ መዳብ ተጠቀሙ። ማግኔት ያልሳበው ሁሉ መዳብ እንዳልሆነም እወቁ። አሉሚኒየም ላይ የተለበጠም አለ፤ በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ ነጭ ከሆነ እሱ ነው።

በእጅ ተጠምዝዞ የሚገባ ኮኔክተር ከቤት ውጭ አታድርጉ። ክረምቱ ሳያልፍ ውሃ ይገባዋል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። በመሣሪያ ተጨምቆ የሚታሰረውን ግዙ፤ በላዩም ውሃ የማያስገባ ቴፕ ጠቅልሉበት። ኬብሉ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደታች ጎበጥ ብሎ ይመለስ። ዝናቡ ኬብሉን ተከትሎ ይወርድና ከጉብታው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ቤት ውስጥ አይገባም።

ምሰሶ ስትተክሉ የባሕር ዛፉን ሥር የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፤ ካልሆነ ምስጥ አይምረውም። መንገድ የሚያቋርጠውን ደግሞ ከፍ አድርጉት። በጥር ወር ጭድ የጫነ አህያ ኬብላችንን ይዞት ሄዷል፤ በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ቤት ጠፋ።

የመብራት ምሰሶ ላይ መስቀል

አታድርጉት። ምሰሶው የእናንተ አይደለም፣ ሽቦው ደግሞ ይገድላል። አንድ ቀን ነፋስ የመብራቱን ሽቦ ከኬብላችሁ ጋር ቢያነካካው 220 ቮልት በየቤቱ ቴሌቪዥን ጀርባ ይቆማል። ኬብሉን የሚሰካው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። የራሳችሁን ምሰሶ ትከሉ፤ ከመብራት መስመርም ራቁ።

መብረቅን መርሳት

በአንድ ቤት ጣሪያ ላይ ያለ ዲሽ መብረቅ ቢያገኘው የሚቃጠለው የዚያ ቤት ዕቃ ነው። የመንደር ኬብል ግን ሁሉንም ቤት አንድ ላይ ያስተሳስራል። መንደሩ ላይ የተዘረጋው ረጅም ኬብል ራሱ አንቴና ነው። አጠገቡ የወደቀ መብረቅ ወደ ውስጡ ኃይል ይረጫል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ይሮጣል።

በመጀመሪያው ክረምት ነው የደረሰብን። ሐምሌ ውስጥ፣ ሌሊት ነበር። ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። የአምስት ቤት ቴሌቪዥን የአንቴና ቀዳዳው ሞቷል። ሁለት ሞዱሌተርና የመስመር ማጉያውም አብረው ሄደዋል። መሬት አልቀበርንም ነበር። ጊዜ የለም፣ በኋላ እንጨርሰዋለን ብለን ነው የተውነው። አምስቱ ሰዎች ቴሌቪዥኑን የገዙት በሬ ሸጠው፣ ከእቁብ ወስደው ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ከራሴ ከፍዬ አሠራሁላቸው። ይሄን የምጽፈው ሌላ ሰው ያቺን ጠዋት እንዳያያት ነው።

የሚደረገው እንዲህ ነው። ከዲሹ ምሰሶ ሥር ቢያንስ ሜትር ተኩል የሚጠልቅ የመሬት ዘንግ ቅበሩ። የዲሹን ብረት፣ ወደ ክፍሉ የሚገባውን ኬብል ሽፋን፣ የዕቃዎቹን መደርደሪያ ሁሉንም በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከዚያው መሬት ጋር አያይዙ። ለየብቻ መሬት አትስጧቸው፤ በሁለቱ መካከል የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። በመስመሩ መጀመሪያና በየተወሰነ ርቀቱ የመብረቅ መከላከያ አድርጉ፣ እሱንም መሬት አስነኩት። ይህ ሁሉ ሆኖም በቀጥታ የሚወርድ መብረቅን የሚያቆም የለም። ስለዚህ ለሰዉ ንገሩት፦ ሰማዩ ሲጠቁር ኬብሉን ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ ከዕቃው ያርቀው። በነጎድጓድ ጊዜ ደግሞ ማንም ጣሪያ ላይ አይውጣ፣ ምስሉ ቢጠፋም ይጥፋ።

የማዕከሉን ክፍል እንደ ዕቃ ማስቀመጫ መቁጠር

ትምህርት ቤቱ መጋዘን ጥግ ላይ ነበር ሪሲቨሮቹን የደረደርናቸው። ስድስቱም አንድ ዓይነት፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ጥበቃው ኳስ ማየት ፈለገና ሪሞቱን አነሳ። አንድ ሪሞት ስድስቱንም ነው የሚያዘው። አንድ ጊዜ ሲጫን የመንደሩ ስድስት ቻናል በሙሉ አንድ ጣቢያ ላይ ቆመ። ድምፅ ሲጨምር የድምፁ መስመር በአርባ ሁለት ቤት ስክሪን ላይ ወጣ። ጥበቃው ምንም አላጠፋም፣ ማንም አልነገረውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሪሲቨሮቹን የሪሞት ዓይን በጥቁር ቴፕ ሸፍኑ፤ ማስተካከል ሲያስፈልግ የአንዱን ብቻ ላጡ። አንዱን በአንዱ ላይ አትቆልሉ፣ በመካከላቸው አየር ይለፍ። ሙቀት ዕቃን ቀስ ብሎ ይገድላል። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ይሄን ሞክሩ፦ ሪሲቨሩን አንድ ጣቢያ ላይ አድርጋችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ። ወደዚያው ጣቢያ በራሱ ከተመለሰ ግዙት። ተኝቶ ሪሞት የሚጠብቅ ከሆነ ተዉት። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ መሮጥ የለበትም።

በሶላር የምትሠሩ ከሆነ ሒሳቡን አስቀድሙ። ስድስት ሪሲቨር በ8 ዋት 48 ነው። ሞዱሌተሮቹ 20፣ ማጉያው 12 ቢሆኑ በድምሩ 80 ዋት። በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 480 ዋት ሰዓት ነው፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲጨመር 550 ይጠጋል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ይይዛል፣ ነገር ግን የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ 600 ብቻ ቁጠሩ። አንድ ባትሪ ለአንድ ቀን ልክክ ይላል ማለት ነው። በነሐሴ ፀሐይ ሁለት ቀን ሳትወጣ ስትቀር ግን አይበቃም። ሁለት አድርጉ። በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠሩ ሪሲቨሮች ካገኛችሁ ኢንቨርተሩን ዘላችሁ በቀጥታ ከባትሪው መመገብ ይቻላል፤ ብክነቱ ይቀራል።

ለሁሉም ሰው ትንሽ ዲሽ

ቤታችሁ ላይ ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ይበቃችኋል። በዝናብ ቢጠፋ የሚጠፋው ለእናንተ ብቻ ነው። የመንደር ዲሽ ሲጠፋ ሁሉም ነው የሚጠፋበት። ዲያሜትሩን እጥፍ ስታደርጉ የምትሰበስቡት ሲግናል አራት እጥፍ ይሆናል፤ 6 ዲቢ ነው። ያ ትርፍ ነው ዝናቡን የሚያሳልፋችሁ። ባለ 1.8 ሜትር ብታገኙ አትለፉት፣ ቢያንስ 1.2።

ወደ ኢትዮሳት ስታዞሩ ከፍታው እንዳያሳስታችሁ። ሳተላይቱ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከሆናችሁ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ነው የሚገኘው። ናይልሳት ግን ወደ ምዕራብ፣ 37 ዲግሪ ገደማ ላይ ዝቅ ብሎ ነው። የተለመደው ዲሽ ኤልኤንቢው ከታች በኩል ስለሆነ ሳህኑ ከሚያየው ቦታ ዝቅ ያለ ነገር የሚያይ ይመስላል፤ በዓይን አትገምቱ።

አንድ ነገር ልጨምር። በመስቀል ሰሞን፣ እንዲሁም መጋቢት 7 አካባቢ ባሉት ቀናት፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ የኢትዮሳት ምስል ለጥቂት ደቂቃ ቢጠፋ ዲሹን አትንኩ። ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍ ነው። የፀሐይዋ ጫጫታ ሲግናሉን ይውጠዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ በራሱ ይቀራል። ይህን ባለማወቅ ስንት የተስተካከለ ዲሽ ተዘባረቀ!

አንድ ሳተላይት ላይ ብቻ መተማመን

በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ስንት ሰው ጣሪያ ላይ እንደወጣ ታስታውሳላችሁ። ለሁለተኛ ዲሽ የሚሆን ቦታና መሠረት ገና ሲጀመር አዘጋጁ። ሲሚንቶ ስታቦኩ ለሁለት ምሰሶ አቡኩ።

ፈቃድ ሳይጠይቁ መጀመር

አንዳንዶች ኬብሉ ይቅር፣ አነስተኛ ማሰራጫ ተክለን በአየር እንልቀቀው ይላሉ። የአየር ሞገድ ያለ ፈቃድ መጠቀም ክልክል ነው፤ ሌላ ሥራ ላይ ያለ ሞገድንም ልትረብሹ ትችላላችሁ። በኬብልም ቢሆን የሰውን ስርጭት ተቀብሎ ለሌላ ማድረስ የጣቢያውን ፈቃድ ይጠይቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስርጭትን መልሶ የማሰራጨት መብት የጣቢያው መሆኑን ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም አለ። ከመቆፈራችሁ በፊት ወደ ኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ደብዳቤ ጻፉ፣ ለጣቢያዎቹም ጻፉ። ክፍያ ያለውን የአንድ ቤት ካርድ ለመንደር ማካፈል ግን ከውሉም ከሕጉም ውጭ ነው፤ ነፃዎቹ ጣቢያዎች ይበቃሉ።

በሌላ አገርም ሰው ከሕጉ ቀድሞ የሄደበት ጊዜ ነበር። በሰሜን ካናዳ ያሉ ሩቅ ከተሞች የአሜሪካን ጣቢያዎች ከሳተላይት እየሳቡ ያለ ፈቃድ ያሰራጩ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1981 ለሩቅ ቦታዎች ጣቢያ የሚያቀርብ ካንኮም የተባለ ድርጅት እንዲሠራ ፈቃድ ሰጠ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ስለነበር መልስ አገኘ። የእኛም ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ በደብዳቤ ይቅረብ።

ዕቃውን አስረክቦ መሄድ

በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1987 ብራክስ የተባለ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። በረሃ ውስጥ ላሉ የአቦርጂናል ማኅበረሰቦች የሳተላይት መቀበያና አነስተኛ ማሰራጫ ሰጣቸው። ከሁሉም የምወድለት፣ የማኅበረሰቡ ሰው የሳተላይቱን ስርጭት አቋርጦ በራሱ ቋንቋ የራሱን ማስተላለፍ መቻሉ ነው። የጎደለው ሥልጠናና የጥገና ገንዘብ ነበር። በእኛም አገር በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ትምህርት ሲሰጥ ያየን እናውቀዋለን። ፕላዝማው ግድግዳ ላይ ነበር፤ ዲሹ ግን ዞሮ የሚያስተካክለው ሰው ጠፍቶ ወር ይከርም ነበር።

ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ከመንደሩ ሁለት ወጣቶች ምረጡ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረዋችሁ ይሥሩ። አንዷ ሴት ብትሆን ይሻላል፤ ወንዶቹ ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄዱ አይተናል። ኮኔክተር ማሰርና በመለኪያ ሲግናል ማንበብ ከቻሉ ከአሥር ብልሽት ስምንቱን ይጨርሱታል። መጠባበቂያ አንድ ሪሲቨር፣ አንድ ሞዱሌተር፣ አንድ ኤልኤንቢ፣ ጥቂት ታፕና ኮኔክተር ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጥ። በየወሩ ትንሽ መዋጮ በዕድሩ ይሰብሰብ። የትኞቹ ጣቢያዎች እንዲገቡ ደግሞ እናንተ አትወስኑ። ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ተማሪዎች ተቀምጠው ይምረጡ። አንዱን ቻናል ባዶ አቆዩላቸው። ፍላሽ የሚያነብ ማጫወቻ ሰክታችሁ የጤና ኤክስቴንሽኗ ትምህርት፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት በዓል፣ የቀበሌው ማስታወቂያ ይተላለፍበት።

ደብተርም ይኑር። የመስመሩ ካርታ፣ የእያንዳንዱ ታፕ ቁጥር፣ የየቤቱ መለኪያ ይጻፍበት። እኛ መስመሩን በወፍራም ኬብልና በቪኤችኤፍ እንደገና ዘርግተን ስንጨርስ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የመጀመሪያ ሆኖ የተጻፈው የእማማ ቤት ነው፦ 66። ልጆቹ በየሦስት ወሩ ወደዚያ ወርደው ይለካሉ። 66 ከሆነ ከላይ ያለው ሁሉ ደህና ነው። ወደ 60 ከወረደ የሆነ ቦታ ውሃ ገብቷል ወይም ማጉያው ደክሟል፤ ሰው ሳይጮህ መስመሩን ይዘው ወደ ላይ እየለኩ ይወጣሉ። እማማ ሲያዩዋቸው ቡና ያቀርባሉ፣ ለክተው እስኪጨርሱ ዜናውን ይከታተላሉ።